ድመቷ ሳትወጣ ጨዋታ የለም፦ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች የሚሰጠው የቡድን ጨዋታ ሕክምና በምን ተለካ?

ሁለት የአይጥ ግልገሎች አንድ ሣጥን ውስጥ አብረው ሲገቡ ምን የሚያደርጉ ይመስላችኋል? ይታገላሉ። ጥል ግን አይደለም። አንዱ የሌላውን ማጅራት በአፍንጫው ይነካካል፣ ይገለባበጣሉ፣ ይሯሯጣሉ፣ ከላይና ከታች መሆኑን በተራ ይለዋወጣሉ። በኢስቶኒያ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው የነርቭ ሳይንቲስት ያክ ፓንክሴፕ ይህን ትግል ለብዙ ዓመታት ቆጥሯል። በአንዱ ሙከራ ሣጥኑ ውስጥ ትንሽ የድመት ፀጉር አስቀመጠ። ድመት የለችም፤ ፀጉር ብቻ። ግልገሎቹ ላቦራቶሪ ውስጥ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ በሕይወታቸው ድመት አይተው አያውቁም። ጨዋታው ግን ቀጥ አለ። ፀጉሩ ከተወሰደ በኋላም ለቀናት ወደ ቀድሞው መጠን አልተመለሰም።

ይቺን ሙከራ ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

የዛሬው ጉዳያችን ግን አይጥ አይደለም። በባል ወይም አብሯቸው በሚኖር ሰው እጅ ሲደበደቡ፣ ሲዋረዱ፣ ሲዛትባቸው ኖረው ከዚያ ቤት የወጡ ሴቶችን ለመርዳት በተለያዩ አገሮች የሚሠራበት ዘዴ አለ፤ የቡድን ጨዋታ ሕክምና ይባላል። በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ዘዴው የሚወራውን ብታዩ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። "ጨዋታ አእምሮን ይፈውሳል" ይላል አንዱ፤ ከሥሩ የሁለት ቀን ሥልጠና ማስታወቂያ። እኔ የምማረው ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም። የዕለት ሥራዬ ግን ከኖይዝ ውስጥ ሲግናል መፈለግ ስለሆነ፣ አንድ ሰው "ይሠራል" ሲለኝ "በምን ለካኸው?" ማለት ለምዶብኛል። እስቲ ይህንንም አብረን እንለካው።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይደረጋል?

ስድስት ወይም ስምንት ሴቶች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አንዲት ባለሙያ ትመራለች። ኳስ ይወረወራል፤ የያዘችው ስሟን ትናገርና ለሌላዋ ትወረውራለች። አንድ ቀን ሸክላ ይመጣል፤ ሌላ ቀን አሸዋ የሞላ ዝቅ ያለ ሣጥንና ትንንሽ ቅርጾች፦ ሰው፣ ቤት፣ አጥር፣ እንስሳ። ሴትየዋ አሸዋው ላይ ቤት ትሠራለች፤ ስለ ራሷ ቤት እንድትናገር የሚያስገድዳት የለም። አንዳንዴ አጫጭር ድራማ ይሠራሉ፤ "አይሆንም" ማለትን እየሳቁ ይለማመዳሉ። ከሁሉም በላይ የሚጠበቀው ሕግ አንድ ነው፦ ማንኛዋም ሴት በፈለገችበት ደቂቃ ማቆም ትችላለች።

ይህች ሕግ ቀላል አትምሰላችሁ። የሆላንዱ የታሪክ ምሁር ዮሃን ሁይዚንጋ በ1938 ባወጣው "ሆሞ ሉደንስ" በተሰኘ መጽሐፉ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጨዋታ የመጀመሪያ መለያው ፈቃድ ነው ይላል። በትዕዛዝ የሚደረግ ጨዋታ፣ ጨዋታነቱ ይቀራል። መቼ እንደምትወጣ፣ ከማን ጋር እንደምታወራ፣ ስንት ብር እንደምትይዝ ሌላ ሰው ሲወስንላት የኖረች ሴት "ዛሬ አልጫወትም" ብላ፣ ማንም ሳይቆጣት፣ ጥግ ላይ ቁጭ ማለት መቻሏን አስቡት። ምናልባት ትልቁን ሥራ የሚሠራው ኳሱ ሳይሆን ይህ ይሆናል። ምናልባት። የኔም ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፦ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚሠራው የትኛው ነው?

አማርኛችን ደግሞ ጥያቄውን ያወሳስበዋል፤ ያውም በጥሩ መንገድ። "ጨዋታ" ስንል ኳስም ነው ገበጣም ነው፤ ወሬም ነው። እንግዳ ቤት መጥቶ ዝም ሲል "ተጫወት እንጂ!" ይባላል፤ ይህን ሰምቶ ተነሥቶ ገመድ የሚዘል እንግዳ የለም። "ከእትዬ ጋር ስንጫወት አመሸን" ያለች ሴት ቡና ላይ ስታወራ አመሸች ማለቷ ነው። እንግሊዝኛው ለሁለቱ ሁለት ቃል ስላለው "ፕሌይ ቴራፒ" ሲል መጫወቻውን ይዞ ወሬውን ይተወዋል። እኛ "የጨዋታ ሕክምና" ስንል ሁለቱም ተያይዘው ይገባሉ። ታዲያ ለሙከራ የሚመች ጥያቄ አገኘን ማለት ነው፦ ከክፍሉ ኳሱን፣ ሸክላውን፣ አሸዋውን ብናወጣና ክቡን፣ ቡናውን፣ ወሬውን ብቻ ብንተው ውጤቱ ይቀንሳል? እኛ ሰርኪዩት ስንመረምር አንዱን ክፍል ነቅለን ምን እንደሚሆን እናያለን። ከነቀልነው በኋላም አምፖሉ እንደ በፊቱ ከበራ፣ መብራቱ ከዚያ ክፍል አልነበረም።

ቁጥሩ የማን ነው?

የጨዋታ ሕክምና የተወለደው ለልጆች ነው። አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ አክስላይን በ1947 ዘዴውን በመጽሐፍ ስታቀርብ መነሻው ግልጽ ነበር፦ ልጅ የሆነበትን ነገር በቃል ማስረዳት ይከብደዋል፤ ስለዚህ በመጫወቻ ይናገር። ልጆች ላይ ብዙ ተጠንቷል። በ2005 ሱ ብራተንና ባልደረቦቿ 93 ጥናቶችን ደምረው አማካይ የውጤት መጠኑ 0.80 ነው አሉ። ይህ ቁጥር ምንድን ነው? ሕክምናውን ባገኙና ባላገኙ ልጆች መካከል ያለው ልዩነት፣ ልጆች በተፈጥሮ እርስ በእርስ ለሚለያዩበት መጠን ሲካፈል ማለት ነው። የሲግናልና የኖይዝ ጥምርታ የቅርብ ዘመድ በሉት። 0.80 ትልቅ ነው። በ2015 ደግሞ ሊንና ብራተን ልጁን መሪ በሚያደርገው ስልት ላይ ብቻ አተኩረው 52 ጥናቶችን ሲደምሩ 0.47 አገኙ፤ መካከለኛ ማለት ነው። ሁለቱ ስሌቶች የሸፈኑት ዘዴና ጊዜ አንድ ስላልሆነ ቁጥሮቹን ፊት ለፊት ማላተም አይገባም። ግን ማስታወቂያ ላይ 0.80 ብቻውን ተለጥፎ ስታዩ ሌላኛው የት ሄደ ብላችሁ ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁጥሮቹ የልጆች ናቸው። ቃል የጠፋበትን የስድስት ዓመት ልጅ የረዳ መሣሪያ፣ ቃል እያላት መናገር አደጋ የሆነባትን የሠላሳ ዓመት ሴት በዚያው መጠን ይረዳል ማለት ሌላ መላምት ነው፤ ለብቻው መፈተን አለበት። አዋቂ ሴቶችን በዕጣ መድበው፣ በቂ ቁጥር ይዘው፣ ጨዋታውን ራሱን የፈተኑ ጥናቶች ጥቂት ናቸው።

ወደ ቤት ውስጥ ጥቃት በጣም የሚቀርቡት ከኖርዝ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የወጡት ሦስት ጥናቶች ናቸው፤ በ1998፣ በ2001 እና በ2003 ታትመዋል። በመጠለያ የሚኖሩ፣ እናታቸው ስትጠቃ ያዩ ልጆችን የተከተሉ ናቸው። አንዱ ልጆቹን ለየብቻ፣ ሁለተኛው ከወንድም ከእህቶቻቸው ጋር በቡድን አጫወተ፤ ሦስተኛው እናቶቹን ራሳቸውን አሠልጥኖ ከልጆቻቸው ጋር እንዲጫወቱ አደረገ። ቤተሰቦች በመጠለያ የሚቆዩት ለአጭር ጊዜ ስለሆነ አሥራ ሁለቱን ክፍለ ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ አጨቁት። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ በተለይ ሦስተኛውን። ዓመታት ሙሉ "እናት አይደለሽም" ስትባል ለኖረች ሴት ከልጇ ጋር መጫወትን መልሶ መስጠት ትልቅ ነገር ነው።

ግን ቁጥሩን እዩት። በእያንዳንዱ ቡድን ያሉት አሥር ወይም አሥራ አንድ ልጆች ናቸው። በዚያ ላይ የኋለኞቹ ጥናቶች ለማነጻጸሪያ የተጠቀሙት የመጀመሪያውን ጥናት ልጆች ነው። አንድ ሳንቲም 11 ጊዜ ወርውሩ፤ ፍጹም ትክክለኛ ሳንቲም ቢሆንም ከመቶ አሥራ አንድ ጊዜ ያህል ስምንትና ከዚያ በላይ ዘውድ ይወጣል። ዕድል ብቻውን ይህን ያህል መጫወት ይችላል! የልጆቹን ጠባይ በመጠይቅ የሞሉትም እናቶቹ ናቸው፤ ልጃቸው እየታከመ መሆኑን ያውቃሉ። በመልካም ምኞት የተሞላ መጠይቅ ውሸት አይደለም፤ ግን ሴንሰሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ሌላም አለ። የመብራት ኃይል ወርዶ ወርዶ አምፖሉ እንደ ኩራዝ ሲሆን ቴክኒሻን ትጠራላችሁ። እሱ ታክሲ ይዞ እስኪደርስ ኃይሉ ራሱ ይስተካከላል። ሰውየው ሁለት ሽቦ ነካክቶ ሒሳቡን ይቀበላል፤ እናንተም ታመሰግናላችሁ። ሴት መጠለያ የምትገባው መቼ ነው? በሕይወቷ ከባዱ ሳምንት ላይ። እንቅልፍ የለም፣ ልጆች ተይዘው የወጡት በሌሊት ነው፣ ገንዘብ የለም። ከሁለት ወር በኋላ፣ የሚዘጋ በርና የሚበላ ምግብ ካለ፣ ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ቀን ይሻላሉ። ኳስ ቢወረወርም ባይወረወርም። "ከመጫወታቸው በፊት" እና "ከተጫወቱ በኋላ" ብሎ ብቻ የለካ ጥናት የበሩን ቁልፍ ሥራ ለኳሱ ይሰጣል።

ሁሉም ጨዋታ አንድ አይደለም

በጎ ምሳሌ ላሳያችሁ። ኤሚሊ ሆምስና ባልደረቦቿ በ2009 ለ40 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች አስደንጋጭ ፊልም አሳዩ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለግማሾቹ ቴትሪስ አጫወቱ፤ ያው ብሎኮች ከላይ እየወረዱ የሚደረደሩበትን። በቀጣዩ ሳምንት ቴትሪስ የተጫወቱት ሰዎች የፊልሙ ምስል ሳይፈልጉ ብልጭ የሚልባቸው ያነሰ ጊዜ ነበር። በዚህ ቢያቆሙ ኖሮ "ጌም ይፈውሳል" የሚል ርዕስ ይወጣለት ነበር። አላቆሙም። በ2010 ቴትሪስን ከሌላ ጨዋታ፣ በቃላት ከሚካሄድ የጥያቄና መልስ ጌም ጋር አወዳደሩ። የጥያቄና መልሱ አልረዳም፤ እንዲያውም በአንደኛው ሙከራ ብልጭታው ምንም ካልተጫወቱት ሰዎች በለጠ። ጨዋታን ከጨዋታ ጋር ማወዳደር ማለት ይህ ነው፤ አሁን የሚሠራው "መጫወት" በጥቅሉ ሳይሆን ዓይንንና ቦታን የሚያዝ ሥራ ሊሆን እንደሚችል ምልክት አለን። በ2018 የታተመው ጥናት ደግሞ በኦክስፎርድ ሆስፒታል የመኪና አደጋ ደርሶባቸው በስድስት ሰዓት ውስጥ የነበሩ 71 ሰዎችን ይዞ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ተመሳሳይ ቅነሳ አየ።

ይህን ይዞ ወደ ቤት ውስጥ ጥቃት መዝለል ግን አይቻልም። የመኪና አደጋ ደረሰ፣ አለቀ። የቤት ውስጥ ጥቃት ግን ይደጋገማል፤ አድራሻ አለው፤ ስልክ ይደውላል።

የጨዋታው ዓይነት ጉዳይ አገር ቤትም አለ። አንድ ሰው ተነሥቶ "ፕሌይ ቴራፒን ባህላዊ እናድርገው፣ እንቆቅልሽ እናስገባ" ቢል ደስ ይለናል፣ አይደል? ቆይ ግን። በእንቆቅልሽ መልሱ ያልመጣለት "አገር ስጠኝ" ይባላል፤ አገሩን ከሰጠ በኋላ ጠያቂው ድል አድርጎ በተሸናፊው ላይ ይቀልዳል፣ ይሰድበዋል። ለልጆች የሳቅ ምንጭ ነው። "ደደብ፣ ምንም አታውቂም" እየተባለች ስትሰደብ ለኖረች ሴት ግን ስድቡ የጨዋታው ሕግ ውስጥ ተጽፏል። አኩኩሉንም አስቡት፤ ከአልጋ ሥር ተደብቃ የእግር ኮቴ ስትቆጥር የነበረች ሴት ድጋሚ ተደበቂ ልትባል ነው። ዕቃ ዕቃ ደግሞ ሁለት ስለት አለው፦ "አባት" የሚሆነው ማን ነው? ምን ይላል? በጥሩ ባለሙያ እጅ ታላቅ መሣሪያ ነው፤ በሁለት ቀን ሥልጠና እጅ ግን ያስፈራኛል። የሥልጠና ማስታወቂያዎቹ የጨዋታ ዝርዝር ይሰጣሉ፤ የትኛውን ለማን እንደማይሰጡ ግን አይናገሩም። መድኃኒት ቢሆን ኖሮ "ለእነዚህ ሰዎች አይሰጥም" የሚል ወረቀት ሣጥኑ ውስጥ ይኖር ነበር።

ስለ ነርቭ የሚነገረው

ማስታወቂያዎቹ ሳይንስ ለመምሰል የሚደገፉበት አንድ ሐሳብ አለ፤ እስቴፈን ፖርጅስ በ1994 ያቀረበው ፖሊቬጋል የሚባለው ቲዎሪ። ከአንጎል ወደ ልብና ሆድ የሚወርደው ቬገስ ነርቭ ሁለት መንገድ አለው ይላል፦ አንዱ ጥንታዊ፣ ሲፈሩ የሚያደነዝዝ፤ ሌላው አጥቢ እንስሳት ላይ የመጣ፣ ፊትንና ድምፅን ከልብ ጋር የሚያስተባብር፣ ደኅንነት ሲኖር የሚሠራ። ጨዋታ ሁለተኛውን "ያበራል" ተብሎ በመሰላል ሥዕል ይቀርባል። ሥዕሉ ያምራል። ለተጎዳች ሴት "ደርቀሽ የቀረሽው ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም፣ ሰውነትሽ ነው" ማለቱም ከራሷ ላይ ወቀሳ ያነሣል፤ ይህን አልንቅም።

የሥነ አካል ማስረጃው ግን ይነቃነቃል። በ2018 የታተመ ጥናት ለአጥቢዎች ብቻ የተባለው ዓይነት የልብና የትንፋሽ ቅንጅት፣ ከነፈጣን የነርቭ ክሮቹ፣ ሳንባ ባለው ዓሣ ላይም እንዳለ አሳየ። ጀርመን አገር የሠራው ፖል ግሮስማን ደግሞ ለዓመታት የሚያነሣው የመለኪያ ጥያቄ አለ፤ እኔን የሚማርከኝ ይህኛው ነው። "የቬገስ ኃይል" ተብሎ የሚለካው ልብ ከትንፋሽ ጋር አብሮ የሚፈጥነውና የሚዘገየው ነገር ነው። ታዲያ ሰው ሲስቅ፣ ሲዘፍን፣ ሲያወራ ትንፋሹ ይለወጣል። ቁጥሩ ከጨዋታው በኋላ ቢለወጥ ደኅንነት ስለተሰማት ነው ወይስ ስለሳቀች ነው? ትንፋሹን ለብቻ ሳይቆጣጠሩ የተለካ ቁጥር ሁለቱን አይለይም። በኛ ቤት እንዲህ ያለ ሴንሰር ለፈተና አያልፍም።

ቡድኑስ?

አሁን ደግሞ ኳሱን ነቅለን እንይ። በ2013 የታተመ ጥናት በምሥራቅ ኮንጎ ከወሲባዊ ጥቃት የተረፉ ሴቶችን በ15 መንደሮች ተከተለ። በሰባቱ መንደሮች 157 ሴቶች አንድ የግልና 11 የቡድን ክፍለ ጊዜ አገኙ፤ በስምንቱ 248 ሴቶች የግል ድጋፍ አገኙ። መጫወቻ የለም፤ ሥራው በደረሰባቸው ነገር ላይ ያላቸውን ሐሳብ፣ በተለይ "ጥፋቱ የኔ ነው" የሚለውን መመርመር ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ድብርት ወይም ጭንቀት ሊኖርባቸው ይችላል የተባሉት በቡድኑ ሕክምና 9 በመቶ፣ በግል ድጋፉ 42 በመቶ ነበሩ። የሚገርም ልዩነት ነው። ያለ ኳስ። ግን እዚህም እጄን አነሣለሁ፦ ማነጻጸሪያው የግል ስለነበር፣ የሠራው ቡድኑ ነው ወይስ የሕክምናው ይዘት ብለን መለየት አንችልም።

ይህን ለመለየት የሞከረ አንድ ጥናት አለ፤ ባለቤቱ "አካል ሒሳቡን ይይዛል" በሚል መንፈስ በ2014 በጻፈው መጽሐፍ ዝነኛ የሆነው ቤሰል ቫን ደር ኮልክ ነው። ለዓመታት ታክመው ያልተሻላቸው 64 ሴቶች በዕጣ ተከፈሉ። ግማሾቹ ለአሥር ሳምንት ዮጋ ሠሩ፤ ግማሾቹ ለዚያው ያህል ጊዜ በቡድን ስለ ሴቶች ጤና ተማሩ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ተሻላቸው! በቡድን መቀመጥ ብቻውን ረዳ ማለት ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ግን ትምህርት የሚማሩት ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ዮጋዎቹ ጸኑ። መጨረሻ ላይ የድኅረ አደጋ ጭንቀት መስፈርትን የማያሟሉት 52 ለ21 በመቶ ሆኑ። ትንሽ ጥናት ነው፤ ዮጋም ጨዋታ አይደለም። ንድፉ ግን ልክ ነው። ቅር የሚለኝ፣ ይኸው ሰው በመጽሐፉ ስለ ቴአትርና ስለ ጋራ ዜማ ሲጽፍ ይህን ጥብቅነት ማላላቱ ነው፤ ምዕራፉ በታሪክ ይነካል፣ በማነጻጸሪያ ግን ሳስቷል። የሥልጠና ማስታወቂያዎቹ ደግሞ የሚጠቅሱት ያንን ምዕራፍ ነው።

ድመቷ

አሁን ወደ ሣጥኑ እንመለስ። ከፓንክሴፕ ሙከራ ብዙ ሰው የሚወስደው "ጨዋታ በአንጎል ውስጥ ጥልቅ ነው" የሚለውን ነው፤ እውነት ነው፤ የላይኛው የአንጎል ሽፋናቸው የተወገደ ግልገሎችም ይጫወታሉ። እኔ የምወስደው ግን ፀጉሩን ነው። ጨዋታው የቆመው ፀጉሩ ስለገባ ነው፤ የሚጀምረውም ፀጉሩ ወጥቶ ጊዜ ሲያልፍ ነው። ፀጉሩ እያለ ግልገሎቹን "ተጫወቱ፣ ይሻላችኋል" ማለት ትርጉም የለውም። ስለዚህ ጨዋታን ከመድኃኒት ይልቅ እንደ ቴርሞሜትር ላየው እወዳለሁ፤ ሴትየዋ መጫወት ስትጀምር አደጋው እንደራቀ አንድ ነገር ይነግረናል። አልጫወትም ስትል ደግሞ "ፈቃደኛ አይደለችም" ብሎ መዝገብ ላይ መጻፍ ቴርሞሜትሩን በትኩሳቱ መውቀስ ነው።

ድመቷ ምን ያህል ቅርብ ናት? የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ባል ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በሕይወታቸው በባል እጅ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ይህ ገመና ተብሎ የሚሸፈነው ነው። በዚያው በጉራጌ ዞን፣ ውጤቱ በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት 64 መንደሮችን በዕጣ መድቦ፣ በቡና ሥነ ሥርዓት ዙሪያ የሚካሄድ የ14 ክፍለ ጊዜ ፕሮግራም ሞከረ፦ በአንዳንዱ መንደር ለሴቶች፣ በአንዳንዱ ለወንዶች፣ በአንዳንዱ ለባልና ሚስት አብሮ፤ የቀሩት ፕሮግራሙን ሳያገኙ ለማነጻጸሪያ ሆኑ። ዓላማው ሕክምና ሳይሆን ጥቃትን መከላከል ነበር። ሴቶቹ ብቻ በተሰበሰቡበት በደረሰባቸው ጥቃት ላይ ያን ያህል ለውጥ አልታየም፤ ጎልቶ የታየው ወንዶቹ ቡናው ላይ በተቀመጡበት ነው፤ የወሲብ ጥቃት መፈጸም ቀነሰ። ፀጉሩን ማውጣት የሚችለው ማን እንደሆነ ይህ በደንብ ያሳያል።

ለወጡት ሴቶች ግን ሕክምናው ያስፈልጋል፤ እኔም ኳሱ ይወሰድ አላልኩም። በአዲስ አበባ እንደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ መጠለያዎች ከማረፊያው ጋር ምክርና የሙያ ሥልጠና ይሰጣሉ፤ በእንዲህ ያለ ቤት እያንዳንዱ ሰዓትና እያንዳንዱ ብር ከሌላ ነገር ተቀንሶ ነው የሚመጣው። የአሸዋ ሣጥኑ ሰዓት ከጠበቃ ሰዓት ወይም ከልብስ ስፌት ሰዓት ይወሰዳል። ልውውጡ ይገባል ወይ ብሎ መጠየቅ ለእነሱ ማሰብ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ንድፍ ውስብስብ አይደለም። ሁለት ክፍል፦ በአንዱ ክብ፣ ቡናና ወሬ፤ በሌላው ክብ፣ ቡና፣ ወሬና ኳስ። ምደባው በዕጣ፤ መሪዋ በሁለቱም አንዲት ሴት። መጠይቁን የምትሞላው የትኛው ክፍል እንደገቡ የማታውቅ ሌላ ሰው። በአንድ መጠለያ ቁጥሩ ስለማይሞላ ብዙ መጠለያ መተባበር አለበት። ከባዱ ከስድስት ወር በኋላ ያለው ነው። ከመጠለያ የወጣች ሴት ስልኳን የምትቀይረው ብዙ ጊዜ ለደኅንነቷ ነው፤ ወደ ቀድሞው ቤት የተመለሰችውም ስልክ ላታነሣ ትችላለች። ስለዚህ ለመጨረሻው መጠይቅ የሚገኙት በንጽጽር የተሻለ ቦታ ያሉት ይሆናሉ፤ አማካዩም ያምራል። የጠፉትን "አልተገኙም" ብሎ ከሠንጠረዡ ማውጣት፣ ስንፈልገው የነበረውን ሲግናል አውጥቶ መጣል ነው። መጀመሪያ ቀን ላይ ሴትየዋ ራሷ የምትመርጣትን አንዲት ሰው፣ እህት ወይም ጓደኛ፣ መመዝገብ ያግዛል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ጥናቱ በውጭ ሲጠራ ስለ ጥቃት መሆኑ እንዳይታወቅ፣ በመሃል ሰው ከገባም ጠያቂዋ ወደ ሌላ ርዕስ እንድትዞር ይመክራል። የዚህ ስልክና የትራንስፖርት ወጪ ከኳሱና ከሸክላው ዋጋ በብዙ ይበልጣል። የሥነ ልቦና፣ የስታትስቲክስ ወይም የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ከሆናችሁና የመመረቂያ ርዕስ የቸገራችሁ ካላችሁ፣ ከእነዚህ ሁለት ክፍሎች የመጀመሪያውን፣ ኳስ የሌለውን፣ በአንድ መጠለያ ፈቃድ ጠይቃችሁ በትንሹ ጀምሩት።